እንጀራ የምትጋግሩበትን ቀን የቤታችሁ የመብራት መፈተሻ አድርጉት

ብዙ ሰው የኤሌክትሪክ እሳት ድንገት "ኮንታክት አድርጎ" የሚነሳ ነው የሚመስለው፣ አብዛኛውን ጊዜ ግን እንደዛ አይደለም። ከመነሳቱ በፊት ሳምንትም ወርም ምልክት ሲሰጥ ይቆያል፣ ሶኬት ይሞቃል፣ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተት ይልና ይጠፋል፣ የስፒናው እግር ይጠቁራል፣ ምጣድ ሲሰካ አምፖሉ ደብዘዝ ይላል፣ እኛ ደሞ "ያው እዚ ሰፈር መብራቱ እንዲህ ነው" ብለን እናልፈዋለን። ይሄን የምጽፈው በተለይ አዲስ አበባና ሌሎች ከተሞች ውስጥ ቀበሌ ቤት፣ ግቢ ውስጥ ተከራይተው ወይ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩ ቤተሰቦች ነው። ምልክቱን እንዴት እንደምታዩት፣ ካያችሁ በኋላ ምን እንደምታደርጉ፣ እና እሳት ቢነሳ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ማን ምን እንደሚሠራ። የኤሌክትሪክ ሥራ ውስጥ ስላለሁ ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ መጀመሪያ የሚሄድበትን ነው የምነግራችሁ።

1. መጀመሪያ ዕቃዎቻችሁ ስንት እንደሚስቡ እወቁ

ምጣዱ፣ ስቶቩ፣ ቦይለሩ፣ ካውያው ላይ ስንት ዋት እንደሆነ ተጽፏል፣ ከጎኑ ወይ ከሥሩ ታገኙታላችሁ። ያንን ቁጥር ለ220 አካፍሉት፣ የሀገራችን ቮልቴጅ 220 ስለሆነ የሚመጣላችሁ ቁጥር ዕቃው የሚስበው አምፒር ነው። 3500 ዋት ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይስባል፣ 4000 ዋት የሆነው ደሞ 18 አምፒር። 2000 ዋት የውሃ ማፍያ 9 አምፒር ገደማ፣ 1500 ዋት ቦይለር ወደ 7። ቲቪና ቻርጀር ኢምንት ናቸው፣ እነሱን አታስቡ።

አሁን ሶኬቱን እዩት፣ የግድግዳ ሶኬት ቢበዛ የሚችለው 16 አምፒር ነው፣ ገበያ ላይ ያሉት ርካሽ ማከፋፈያዎች ብዙዎቹ ደሞ 10 አምፒር ናቸው። ስለዚህ አንድ ምጣድ ብቻውን አንድን ሶኬት ሙሉ በሙሉ ይጨርሰዋል ማለት ነው፣ ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ ደሞ ገና ሲበራ ከአቅሙ በላይ ነው። ምጣድ ማከፋፈያ ላይ አይሰካም፣ ለአንድ ቀንም ቢሆን፣ "ዛሬ ብቻ" ተብሎም ቢሆን። ሌላው ማወቅ ያለባችሁ ነገር በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው አምፒር እጥፍ ሲሆን ሙቀቱ እጥፍ ሳይሆን አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ለዛ ነው ምጣዱ እየሠራ እዛው መስመር ላይ ስቶቭ ሲጨመር ነገሩ ቶሎ የሚበላሸው።

2. የመጋገሪያ ቀን ምርመራ

ምጣድ ቤት ውስጥ ካለ ዕቃ ሁሉ ብዙ የሚስብ ብቻ ሳይሆን ለረጅም ሰዓትም የሚስብ ነው፣ የሳምንቱ እንጀራ እስኪያልቅ አንድ ሰዓት ሁለት ሰዓት ይቆያል። ስለዚህ የቤቱ መስመር የት ጋ ደካማ እንደሆነ ያን ቀን ራሱን ያሳያል። ምጣዱ ከበራ ግማሽ ሰዓት ካለፈው በኋላ እንዲህ አድርጉ።

አምፖሉን እዩት። ምጣድ ሲሰካ ትንሽ ደብዘዝ ማለት የኃይል ማነስ ሊሆን ይችላል፣ ግን ምጣዱ እየሠራ መሃል ላይ ብልጭ ድርግም ካለ የሆነ ቦታ የላላ ግንኙነት አለ ማለት ነው። መላው ሰፈር እንደዛ ከሆነ ችግሩ ውጪ ነው፣ እናንተ ቤት ብቻ ከሆነ ችግሩ እናንተጋ ነው፣ ጎረቤት ጠይቁ።

ሬዲዮና ቲቪ አጥፉና አድምጡ። ቆጣሪው አጠገብ፣ ብሬከሮቹ ሳጥን ጋ፣ ሶኬቱ ጋ። ዝዝዝ የሚል ወይ ጠጠጠ የሚል ድምፅ ካለ ውስጥ ኤሌክትሪኩ እየዘለለ ነው። ጤናማ ሶኬት ድምፅ የለውም።

አሽትቱ። የተቃጠለ ጎማ ወይ ፕላስቲክ ሽታ ሁሉም ያውቀዋል፣ ግን አንዳንዴ የሚመጣው ዓሣ ዓሣ የሚል ሽታ ነው፣ ሶኬትና ብሬከር የሚሠሩበት አንዳንድ ፕላስቲክ ሲግል እንደዛ ይሸታል። ዓሣ ያልተሠራበት ቤት ውስጥ ዓሣ ከሸተታችሁ ችላ አትበሉት፣ ምንጩን ፈልጉ።

ከዛ ጋግራችሁ ስትጨርሱ ብሬከሩን አውርዱና ወዲያው እጃችሁ ደረቅ መሆኑን አይታችሁ ስፒናውን፣ የሶኬቱን ፊትና ገመዱን በእጃችሁ ጀርባ ንኩ። ለብ ማለት ያለ ነው። ግን እጃችሁን አስቀምጣችሁ እስከ 5 መቁጠር ካቃታችሁ ይሄ አደጋ ነው። ተራው የቤት ሽቦ ልባሱ እስከ 70 ዲግሪ እንዲችል ነው የሚሠራው፣ ከዛ በላይ ቶሎ ቶሎ ከሞቀ ልባሱ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል፣ ከዛ በኋላ ሁለቱ ሽቦ የሚገናኝበትን ቀን መጠበቅ ብቻ ነው። ስፒናውን ንቀሉና እግሮቹን እዩ፣ የጠቆረ፣ ቡናማ የሆነ ወይ የቀለጠ ካለ ስፒናውም ሶኬቱም ሁለቱም ይቀየራሉ። አንዱን ብቻ ቀይሮ መተው ዋጋ የለውም፣ የተበላሸው አዲሱንም ያበላሸዋል።

ምጣዱን ራሱንም ገልብጣችሁ እዩት፣ እርግጥ ቀዝቅዞ ከሶኬት ተነቅሎ። ገመዱ ወደ ምጣዱ የሚገባበት ቦታ በጣም ስለሚግል ተራ ሽቦ እዛ ጋ ቶሎ ይረግፋል፣ ሙቀት የሚችል ልባስ ያስፈልገዋል። ኮይሉ ተበጥሶ በመጠምዘዝ የተቀጠለ ከሆነ፣ ወይ የምጣዱ ብረት አካል ስትነኩት የሚነዝር ከሆነ እስኪሠራ አትጋግሩበት። "ትንሽ ነው የሚነዝረው፣ ፕላስቲክ ጫማ አድርጌ ነው የምጋግረው" የሚሉ እናቶች ብዙ አጋጥመውኛል፣ እባካችሁ ይሄ በጫማ የሚታለፍ ነገር አይደለም፣ አብሲትና ሊጥ ባለበት እርጥብ ቦታ ላይ ነው ያላችሁት። ምጣዱ ከመጋረጃ፣ ከፕላስቲክ ሳፋ፣ ከዘይት ጀሪካን ቢያንስ አንድ እርምጃ ይራቅ።

3. ብሬከር ምን እንደሚጠብቅ በደንብ ይግባችሁ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ ምክንያቱም ብዙ ቤት የሚበላሸው እዚህ ጋ ነው። ብሬከር የሚጠብቀው ምጣዱን አይደለም፣ እናንተንም አይደለም፣ ግድግዳ ውስጥ ያለውን ሽቦ ነው። ስለዚህ የብሬከሩ ቁጥር ከሽቦው ውፍረት ጋ መሄድ አለበት። የተለመደው እንዲህ ነው፤ ለአምፖል መስመር 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ10 አምፒር ብሬከር፣ ለሶኬት 2.5 ሽቦ በ16 አምፒር፣ ለምጣድ ደሞ ለብቻው ከብሬከር ሳጥኑ ጀምሮ ራሱን ችሎ የሚመጣ 4 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ በ20 አምፒር።

አሁን ምን ይፈጠራል መሰላችሁ፣ ምጣድ በርቶ እዛው መስመር ላይ ስቶቭ ሲጨመር 16ቱ ብሬከር ይወርዳል፣ ሰው ይሰለቻል፣ የሆነ ሰው መጥቶ 16ቱን አውጥቶ 32 ያስገባል፣ ከዛ በኋላ አይወርድም፣ ሁሉም ደስ ይለዋል፣ ለሠራተኛውም ይከፈለዋል። ግን ሽቦው ያው የድሮው ቀጭን ሽቦ ነው! አሁን ሽቦው እየጋለ ብሬከሩ ዝም ይላል። ይሄ ከሁሉም በላይ የሚያስፈራኝ ነገር ነው፣ እሳቱ ግድግዳ ውስጥ ወይ ኮርኒስ ውስጥ ነው የሚጀምረው፣ እስኪወጣ ማንም አያየውም። የድሮ ፊውዝ ያላቸው ቤቶች ላይም ፊውዙ ሲቃጠል በመዳብ ክር መተካት አለ፣ ያው አንድ ነገር ነው። ብሬከር ከወረደ ምክንያት አለው፣ አንድ ጊዜ መልሳችሁ አንሱት፣ ደግሞ ከወረደ እዛው ተዉትና ሰው ጥሩ።

በሌላ በኩል ደሞ ብሬከሩ አልወረደም ማለት ሰላም ነው ማለት አይደለም። 16 አምፒር ብሬከር 18 አምፒር ሲያልፍበት ወዲያው አይወርድም፣ አንድ ሰዓትና ከዛም በላይ ሊሸከመው ይችላል፣ የተሠራው እንደዛ ነው። የላላ ብሎን የሚፈጥረውን ሙቀት ደሞ ጭራሽ አያውቀውም፣ ምክንያቱም አምፒሩ አልጨመረም። ለዛ ነው በእጅ መንካቱና ማሽተቱ የግድ የሆነው።

ሰው ከተነዘረም ተራ ብሬከር አያድንም። ለሱ የሚሆነው ሌላ ዓይነት ብሬከር ነው፣ ኃይል ወደ መሬት ወይ ወደ ሰው ሲያፈስ አይቶ የሚቆርጥ፣ 30 ሚሊ አምፒር የሚል የተጻፈበትና ፊቱ ላይ የመሞከሪያ ቁልፍ ያለው። ዋጋው ከተራው ይበልጣል ግን ልጅ ላለበት ቤት ሌላ ነገር ቀንሳችሁም ቢሆን ግዙት። ቁልፉን በወር አንዴ ተጫኑት፣ ካልወረደ ተበላሽቷል። ኧርዝ (የሚያፈስ ኃይል ወደ መሬት የሚወስደው ሽቦ) የሌለው ቤትም ብዙ ነው፣ ሠራተኛ ስትጠሩ አብራችሁ አሠሩት።

4. ሠራተኛ ስትጠሩ

የሙያ ብቃት ማረጋገጫ ያለውን ጥሩ፣ ወረቀቱን አሳየኝ ማለት ነውር የለውም። እንዲህ በሉት፦ ዋናውን ቆርጠህ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን ሳጥን ክፈትና ብሎኖቹን በሙሉ አጥብቅልኝ፣ የእያንዳንዱን ብሬከር ቁጥርና የሽቦውን ውፍረት ንገረኝ፣ ለምጣዱ ለብቻው መስመር ዘርጋልኝ። ብሎን ማጥበቅ ቀላል ሥራ ነው ግን ከሁሉም ሥራ በላይ እሳት የሚከላከለው እሱ ነው፣ መዳቡ እየሞቀ እየቀዘቀዘ ሲኖር ብሎኑ በጊዜ ብዛት ይላላል።

ሽቦ ስትገዙ ደሞ ጫፉን በቢላ ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፣ ውጪው መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ነው፣ በዛው ውፍረት የመዳብን ያህል አይችልም፣ አትግዙት። የተጠማዘዘና በቴፕ የተጠቀለለ ቅጥያም ኮርኒስ ውስጥ አይኑር፣ ቅጥያ ካለ ሳጥን ውስጥ ይሁንና ይታሰር።

ቆጣሪውን ራሱን ግን እናንተም ሠራተኛውም አትክፈቱት። ከቆጣሪው በፊት ያለው፣ ከፖል የሚመጣው ገመድ ከተላጠ፣ ቆርቆሮ ላይ ካረፈ፣ የዛፍ ቅርንጫፍ ከነካው ወይ ንፋስ ሲነፍስ ብልጭ ካለ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎትን በ905 ደውላችሁ አስመዝግቡ። ደጋግማችሁ ደውሉ፣ ጎረቤትም እንዲደውል አድርጉ፣ መሰላል አቁሞ ራስ ማስተካከል ግን በጭራሽ።

ግቢ ውስጥ በአንድ ቆጣሪ የምትኖሩ ተከራዮች ደሞ አንድ ነገር ተነጋገሩ፣ በአንድ ቆጣሪ ላይ ሦስት ቤተሰብ ቅዳሜ ጠዋት እኩል ምጣድ ከጣደ ወደ 50 አምፒር ነው፣ ያን የሚሸከም ገመድ ብዙ ግቢ ውስጥ የለም። ተራ አውጡ። አንዷ ዓርብ ማታ፣ አንዷ ቅዳሜ፣ አንዷ እሑድ። አከራዩም ይሰማ፣ ቢቃጠል የሱ ቤት ነው።

5. መብራት ሲጠፋ

ይሄ እኛ ሀገር ከሌላው የባሰ ነው። ካውያ እየተኮሰ ወይ ስቶቭ ላይ ድስት ተጥዶ መብራት ይጠፋል፣ ሰው ይጠብቅና ይሰለቻል፣ ልብሱን ካውያው ሥር ትቶ ወደ ሱቅ ይወጣል ወይ ይተኛል። ከዛ ማንም በሌለበት ይመጣል። ስለዚህ ደንቡ ይሄ ይሁን፦ መብራት በጠፋ በዛችው ደቂቃ የሚግል ነገር ሁሉ ከሶኬት ይነቀል፣ ምጣድ፣ ስቶቭ፣ ካውያ፣ ሂተር። ማብሪያውን መዝጋት ብቻ አይበቃም፣ በጨለማ በርቶ ይሁን ጠፍቶ አታውቁትም። አንድ አምፖል ብቻ በርቶ ይቆይ፣ መምጣቱን የሚነግራችሁ። ሲመጣም መጀመሪያ ላይ ከፍ ዝቅ ሊል ስለሚችል ፍሪጅና ቲቪ ከመሰካታችሁ በፊት ጥቂት ደቂቃ ታገሱ።

ሻማ ቀጥታ ጠረጴዛ ወይ ቲቪ ላይ አታቁሙ፣ ውሃ ወይ አሸዋ ያለበት ጣሳ ውስጥ ይቁም፣ ተኝታችሁም አይብራ። የሚሞላ መብራት መግዛት ከቻላችሁ ሻማውን ተዉት ነው የምለው። ምግብ ለማብሰል ከሰል የምታነዱ ከሆነ ደሞ ውጪ፣ ጭሱ የጠፋ ከሰልም ቢሆን ዝግ ቤት ውስጥ ይገድላል፣ የሚገድለው ጋዝ አይሸትም አይታይም።

6. ከላይም ከኋላም እዩ

ኮርኒሱ አቡጀዲ ወይ ማዳበሪያ የሆነ ቤት ውስጥ የአምፖል ሽቦ ጨርቁን እየነካ አይሂድ፣ ጨርቁ በሴኮንዶች ነው የሚያያዘው። አይጥ ካለ ሽቦ ይበላል፣ ከጣራው በላይ ኮሽ የሚል ነገር ከሰማችሁ ሽቦውን አሳዩ። ክረምት ከመግባቱ በፊት በሰኔ መጀመሪያ ላይ የሚያፈሰውን ቆርቆሮ ድፈኑ፣ በግድግዳው የሚወርድ ውሃ ሶኬት ውስጥ ከገባ ያንን መስመር ብሬከሩን አውርዳችሁ እስኪደርቅና እስኪታይ አትንኩት።

ፍሪጁን ከግድግዳው ሳብ አድርጉና ጀርባውን እዩ። አቧራና ጸጉር ተጠቅልሎበት ከሆነ ነቅላችሁ ጥረጉ፣ ከግድግዳም አንድ መዳፍ ያህል ይራቅ። ፍሪጅ ቀን ከሌት ስለሚሠራ ማንም ልብ አይለውም፣ ግን ለንደን ግሬንፌል ታወር ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 ሰኔ ወር 72 ሰው ያለቀበት እሳት የጀመረው ከአንድ ቤት ኩሽና ካለ ፍሪጅ ነው፣ እዛ ሕንፃ ውስጥ የኛ ሀገር ሰዎችም ይኖሩ ነበር።

ማከፋፈያ ምንጣፍ ሥር፣ ፍራሽ ሥር፣ በር ሥር አይለፍ፣ በሚስማርም አይመታ። ስልክ ትራስ ሥር ወይ ብርድ ልብስ ውስጥ ቻርጅ አይደረግ፣ ያበጠ ባትሪ ያለው ስልክና ፓወር ባንክ ደሞ ከቤት ይውጣ። የኤሌክትሪክ መኪና የገዛችሁ፣ አሁን በዝታችኋል፣ መኪናውን ከመስኮት በወጣ ማከፋፈያ አትሙሉት። መኪና ልክ እንደ ምጣድ ነው የሚስበው ግን ሌሊቱን ሙሉ፣ ስለዚህ የራሱ መስመር፣ የራሱ ብሬከር፣ የራሱ ኧርዝ ያስፈልገዋል።

7. ቤተሰቡን ማዘጋጀት

አሁን እሳቱ ተነሳ እንበል። ከሁሉ በፊት መውጫ። ሌቦች እንዳይገቡ ብለን መስኮቱን ሁሉ በብረት ፍርግርግ አጥረነዋል፣ በሩን ማታ በቁልፍ እንቆልፋለን፣ ቁልፉን ደሞ አባወራው ኪስ ውስጥ ወይ ትራስ ሥር ነው። በጭስ ውስጥ ማንም ቁልፍ ፈልጎ አያገኝም። ቁልፉ በሩ አጠገብ ከመስኮት እጅ በማይደርስበት ቦታ ምስማር ላይ ይሰቀል፣ ሁልጊዜ እዛው፣ ሁሉም ያውቀው፣ ልጆችም ይድረሱበት። ከመኝታ ቤቶቹ ቢያንስ የአንዱን መስኮት ፍርግርግ ብየዳ ቤት ወስዳችሁ ከውስጥ የሚከፈት አስደርጉት፣ ብዙ ሥራ አይደለም። ልጆችን ቤት ቆልፎ ወደ ሥራ ወይ ወደ ቤተክርስቲያን መሄድ ደሞ እለምናችኋለሁ ይቅር፣ ለጎረቤት አደራ ስጡ።

የቤት ሠራተኛ ካለች ከሁሉም በፊት እሷን አስተምሩ። ቀኑን ሙሉ ምጣዱም ልጆቹም እሷ ጋ ናቸው፣ ብዙ ጊዜ ግን ብሬከር የት እንዳለ ያሳያት ሰው የለም፣ ስልኳ ሂሳብ የለውም፣ የሰፈሩን ስም እንጂ ወረዳውን አታውቅም። እጇን ይዛችሁ ሄዳችሁ ብሬከሩን ራሷ ታውርድ፣ ራሷ ታንሳ። እሳት ካየች ዕቃ ለማዳን እንዳትሞክር፣ ልጆቹን ይዛ እንድትወጣ፣ ማንም እንደማይቆጣት በግልጽ ንገሯት። ይሄን ካልነገራችኋት ተቆጥተው ያባርሩኛል ብላ ብቻዋን ልታጠፋ ትሞክራለች።

ብሬከሮቹ ላይ "ምጣድ"፣ "ሶኬት ሳሎን"፣ "መብራት" ብላችሁ ጻፉባቸው፣ ዋናውን በቀይ። አጠገቡ ወረቀት ለጥፉ፣ ወረቀቱ ላይ በትልቁ፦ እሳት አደጋ 939 (አዲስ አበባ)፣ ቀይ መስቀል አምቡላንስ 907፣ መብራት ኃይል 905። ከአዲስ አበባ ውጪ ያላችሁ የከተማችሁን የእሳት አደጋ ቁጥር ጠይቃችሁ እዛው ጻፉ። ውጪ ላላችሁ፣ አሜሪካ 911፣ አውሮፓ ኅብረት አገሮች 112፣ እስራኤል 102፣ ኤምሬትስ 997፣ ሳዑዲ 998፣ አረብ አገር ሰው ቤት የምትሠሩ እህቶች በተለይ ያላችሁበትን ሰፈርና የሕንፃውን ስም በአረብኛ አስጽፋችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙት።

ከቁጥሩ ሥር ደሞ አድራሻ። የኛ ከተማ ቤት በመንገድ ስምና በቁጥር አይገኝም፣ ስለዚህ ስትደውሉ የምትሉትን ቀድማችሁ ጻፉት፦ ክፍለ ከተማ፣ ወረዳ፣ ኮንዶሚኒየም ከሆነ ሳይቱና ብሎክ ቁጥሩ፣ በጣም የታወቀ ምልክት፣ ከዛ ወደየት እንደሚታጠፍ። በድንጋጤ ሰዓት ወረቀቱን ማንበብ ብቻ ነው። አንድ ሰው ወደ ዋናው መንገድ ወጥቶ መኪናውን ይጠብቅና ይምራ። በ2017 ጥቅምት መርካቶ ሸማ ተራ የተነሳውን እሳት ሁላችንም አይተናል፣ መንገድ ሲጠብ የእሳት አደጋ መኪና ቅርብ ሆኖም መድረስ ይቸግረዋል። የግቢያችሁ መግቢያ ላይ የሚቆመው መኪና፣ የኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ላይ የተከማቸው ከሰል፣ ጀሪካንና አሮጌ ሶፋ ዛሬ ይነሳ፣ ጭስ ውስጥ በጨለማ ያ ደረጃ ብቸኛ መውጫችሁ ነው።

ሥራ ተከፋፈሉ። አንዱ ዋናውን ያወርዳል፣ አንዷ ትንሹን ልጅ ትይዛለች፣ አንዱ እማማን ይደግፋል፣ አንዱ ከወጣ በኋላ ይደውላል። ውጪ የምትገናኙበትን አንድ ቦታ ምረጡ፣ ሱቁ ፊት ወይ ፖሉ ሥር፣ እዛ ቆጠራ ይደረጋል። ልጆች ሲፈሩ አልጋ ሥር ወይ ቁም ሳጥን ውስጥ ይደበቃሉ፣ "እሳት ካየህ አትደበቅ፣ ብትነካካም አንቆጣህም፣ ውጣ" ብላችሁ ደጋግማችሁ ንገሯቸው። ከዛ አንድ ማታ መብራቱን አጥፍታችሁ ሞክሩት፣ ከአልጋ ተነስቶ በዳሰሳ ቁልፉን ማግኘት፣ በሩን መክፈት፣ መውጣት። ልጆች ይወዱታል፣ ደጋግሙት።

የጭስ ማስጠንቀቂያ እኛጋ ብዙ ቤት የለም፣ ግን ሰው እንቅልፍ ላይ ሆኖ ጭስ ሸቶት አይነቃም፣ ጭሱ እዛው ያስቀረዋል። ከውጪ የሚመጣ ዘመድ ምን ላምጣላችሁ ሲል ሽቶ ከማለት ሁለት በባትሪ የሚሠራ የጭስ ማስጠንቀቂያ በሉት። መኝታ ቤቱ አካባቢ ኮርኒሱ ላይ ይለጠፋል፣ ኩሽና ውስጥ አይደለም፣ በወር አንዴ ቁልፉን ተጭናችሁ ታጮኹታላችሁ፣ 10 ዓመት ሲሞላው ይቀየራል።

ማጥፊያ ሲሊንደር ለአንድ ቤት ከከበደ በእድር ግዙ። እድሩ ድንኳንና ወንበር የሚገዛ ከሆነ 6 ኪሎ የዱቄት ማጥፊያ ሁለት ሦስት ገዝቶ በየመንደሩ ቢያስቀምጥ ምን ያቅተዋል? ለኤሌክትሪክ እሳትም የሚሆን መሆኑን ጠይቃችሁ ግዙ፣ ጌጁ አረንጓዴ ላይ መሆኑን በየጊዜው እዩ።

ካርታ፣ የልደት ሰርተፊኬት፣ ፓስፖርት፣ ፋይዳ ሁሉንም ፎቶ አንስታችሁ ለራሳችሁ ቴሌግራም ላይ ላኩት፣ እነሱን ልፈልግ ብሎ የሚመለስ ሰው እንዳይኖር።

8. እሳቱ ሲነሳ

ከሶኬት ወይ ከዕቃ ከሆነ መጀመሪያ ኃይሉን ቁረጡ፣ ብሬከሩ ጋ መድረስ ከቻላችሁ። ውሃ አትድፉ። ኃይሉ መቆረጡን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ውሃ የደፋውን ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። የዱቄት ማጥፊያ ወይ ደረቅ አሸዋ ተጠቀሙ። ማጥፊያው ላይ ያለውን ቀለበት ንቀሉ፣ አፉን ወደ እሳቱ ሥር አነጣጥሩ እንጂ ወደ ነበልባሉ አይደለም፣ ጨምቁ፣ ወደ ግራ ወደ ቀኝ ጥረጉ። በሴኮንዶች ስለሚያልቅ አንድ ዕድል ነው ያላችሁ፣ ጀርባችሁ ወደ በሩ ይሁን። ዘይት ከሆነ የተቀጣጠለው ምድጃውን አጥፍታችሁ በድስት ክዳን ክደኑት፣ ውሃ ከነካው ቤቱን ሁሉ ያዳርሰዋል።

እሳቱ ከእናንተ ቁመት ከበለጠ፣ ኮርኒሱን ከነካ ወይ ጭሱ ካስሳላችሁ በቃ ተዉት፣ ውጡ። ስትወጡ በሩን ዝጉት፣ አትቆልፉት፣ የተዘጋ በር እሳቱን ደቂቃዎች ያዘገየዋል። ጭስ ወደ ላይ ስለሚሄድ ንጹሁ አየር መሬት ጋ ነው፣ ዳዴ በሉ። የተዘጋ በር ከመክፈታችሁ በፊት በእጅ ጀርባ ንኩት፣ ከጋለ ሌላ መውጫ ፈልጉ፣ ከሌለ ከበሩ ሥር እርጥብ ልብስ ወትፋችሁ መስኮቱ ጋ ሆናችሁ ጩኹ፣ ነጭ ነገር አውለብልቡ። ልብስ ከተያያዘ መሮጥ የለም፣ ቁሙ፣ ተኙ፣ ፊታችሁን በእጃችሁ ሸፍናችሁ ተንከባለሉ። ከወጣችሁ በኋላ ለስልክም ለወርቅም ለማንም ብላችሁ አትመለሱ፣ ውስጥ የቀረ ሰው ካለ የትኛው ክፍል እንደሆነ ለእሳት አደጋ ሠራተኞቹ ንገሯቸው።

ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በእጃችሁ አትጎትቱት፣ መጀመሪያ ብሬከሩን አውርዱ፣ ካልተቻለ ደረቅ ነገር ላይ ቆማችሁ በደረቅ እንጨት ወይ በመጥረጊያ እጀታ ከሽቦው አላቁት፣ 907 ደውሉ፣ ደህና ነኝ ቢልም ሐኪም ይየው፣ ልቡ በኋላም ሊታወክ ይችላል። ከፖል የወረደ ሽቦ ከሆነ ግን ጭራሽ አትቅረቡ፣ ሰዉን አርቁና 905 ደውሉ። የተቃጠለ ሰውነት ላይ የጥርስ ሳሙና፣ እንቁላል፣ ቅቤ፣ ማር የሚባል ነገር የለም። በረዶም አይደለም። የሚፈስ ቀዝቃዛ ውሃ ሥር 20 ደቂቃ፣ ቀለበትና ሰዓት ሳያብጥ ይውለቅ፣ ውሃ የቋጠረው አይፈርጥ፣ በንጹህ ነጠላ ሸፈን አድርጋችሁ ጤና ጣቢያ።

9. ከጠፋ በኋላ

ትንሽ እሳት ሆኖ ራሳችሁ ብታጠፉትም ያንን መስመር መልሳችሁ አታብሩት፣ ያያችሁት ሶኬቱን ነው፣ ግድግዳ ውስጥ ያለው ሽቦ እስከየት እንደጋለ አታውቁም። የእሳት አደጋ ሰዎች መጥተው እንዲያዩት አድርጉ፣ ኮርኒስ ውስጥ የቀረ ፍም ከሰዓታት በኋላ ሊነሳ ስለሚችል ያን ሌሊት ዘመድ ወይ ጎረቤት ጋ እደሩ። የተቃጠለውን ስፒናና ሶኬት አትጣሉት፣ ለሠራተኛው አሳዩት፣ ከየት እንደጀመረ የሚነግረው እሱ ነው። ሠራተኛው የቀየረውን ሽቦ ውፍረትና የብሬከሩን ቁጥር በወረቀት ያስፍርላችሁ፣ ያንን ወረቀት ብሬከሩ ሳጥን ውስጥ ለጥፉት፣ በሚቀጥለው የሚመጣው ሠራተኛ 20ውን አውጥቶ 32 እንዳያስገባ።